የሲሶው ሩብ

መንዝ ውስጥ ክፍልፋይ የማያውቅ ሰው የሚገኘው ፈተና አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው። ከአዳራሹ ውጭ ያለው ሕዝብ በክፍልፋይ ይኖራል። በሬ የሌለው መሬቱን በእኩል ይሰጣል፤ ሌላው በሲሶ ይስማማል፤ ሲሶው የከበደው እርቦ ድረስ ወርዶ ይከራከራል። ቁልቁል ወደ መርሐቤቴ፣ ጀማ ሸለቆ ዳር ያለው የጤፍና የማሽላ ገበሬም ቋንቋው ይኸው ነው። "ከሲሶው ሩቡ የእኔ ነው" ያለ ሽማግሌ ብዕር ሲፈልግ ያየ የለም፤ አውድማው ላይ ከአሥራ ሁለት ቁና አንዱን ለይቶ ወደ ጆንያው ይገለብጣል። ይህንኑ ነገር 1/3 × 1/4 ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና ለልጅ ልጁ ስጡት። መጀመሪያ ጭንቅላቱን ያካል፤ ቀጥሎ የጎረቤቱን ወረቀት በዓይኑ ጫፍ ይጎበኛል፤ በመጨረሻ "ሐ"ን ያከብባል። ለምን "ሐ"? ካለፉት ጥያቄዎች በአንዱም "ሐ" ስላልመጣ፣ አሁን ተራዋ ነው ብሎ።

አጎቴ ሞላሌ አጠገብ ይኖራሉ። ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ፣ ቆላ ያለ ዘመድ ጤፍ ሲልክላቸው "ይኼ የቆላ ነገር" እያሉ ከሁሉ ቀድመው ይበላሉ። የልጅ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። ፈተናው ዛሬ "ክልላዊ" ይባል እንጂ ለእሳቸው ያው ሚኒስትሪ ነው። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ስኳርና ዕውቀት ይዞ እንዲሄድ ይጠበቃል፤ ስኳር ስለተወደደ እኔ ዕውቀቱን ብቻ ይዤ ሄድኩ። ልጁ ደብተሩን ዘርግቶ ጠበቀኝ። ከላይ "ክፍልፋይና አስርዮሽ" ይላል፤ ከሥሩ ሕግ አለ፣ ከሕጉ ሥር ሌላ ሕግ አለ። ሁሉንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣቸዋል።

"36 ጊዜ 0.25" አልኩት። ጎንበስ ብሎ ማባዛት ጀመረ። አምስት ጊዜ ስድስት ሠላሳ፣ ዜሮ ጻፍ፣ ሦስት ያዝ። ወረደ፣ ወጣ፣ ደመረ፣ ነጥቡን ከኋላ ሁለት ቤት ቆጥሮ አስቀመጠና "ዘጠኝ ነጥብ ዜሮ ዜሮ" አለኝ። ልክ ነው። ብቻ እሱ እዚያ እስኪደርስ አጎቴ እሳቱ ዳር እንደተቀመጡ፣ "ሃያ አምስት ሳንቲም ስሙኒ አይደለች እንዴ? ሠላሳ ስድስት ስሙኒ ዘጠኝ ብር ነዋ" ብለው ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ሌላ ጨዋታ ተሻግረዋል።

ፈተና አዳራሽ ካልኩሌተር አይገባም። አጎቴም አይገቡም። እንግዲህ የእኔ ሥራ ሕግ መጨመር አልነበረም፤ ሽማግሌውን በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ደብቆ ፍተሻውን ማሳለፍ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር። በእኔ ግምት አስርዮሽ የሞተው ስሙኒ የሞተች ዕለት ነው። በአጎቴ ዘመን ልጅ ሁሉ ብር ማለት አራት ስሙኒ፣ ሁለት ሽልንግ መሆኑን ሱቅ ደጃፍ ላይ ተምሮ ነበር የሚያድገው። 0.25 ከረሜላ ነበረች፤ 0.75 ሦስት ስሙኒ ነበር፣ ሊሰረቅም ይችል ነበር። ከዚያም በፊት በአፄ ምኒልክ ጊዜ 1887 ዓ.ም. ተጽፎባቸው የወጡት ገንዘቦች ራሳቸው የክፍልፋይ ሰንጠረዥ ነበሩ፦ ብር፣ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን። ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ። ገበያ የወጣ ሰው ኪሱ ውስጥ ትምህርት ቤት ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው። ዛሬ ብሩ ራሱ ሳንቲም ሆኖ ተመትቷል፤ ከብር በታች ያለውን ዓለም ልጁ በመጽሐፍ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ 0.7 እና 0.65 የቱ ይበልጣል ብትሉት፣ 65 ከ7 ስለሚበልጥ 0.65 ይላችኋል። ሳንቲም ነው ብላችሁ ብታስረዱት "ሳንቲም ምን ይገዛል?" ይላችኋል፤ እሱም እውነቱን ነው። መቶ ብር አድርጉለት። ከመቶ ብር 0.7ቱ ሰባ ብር፣ 0.65ቱ ስልሳ አምስት ብር። ወዲያው ሰባውን ይመርጣል፤ ሂሳብ ስላወቀ ሳይሆን ሰው ስለሆነ። ፈተና ላይ ደግሞ ብሩን መጥራት አያስፈልግም፤ ከ0.7 ኋላ አንድ ዜሮ ለጥፎ 0.70 ማድረግ ይበቃል። ሁለቱ እኩል ቁመት ካላቸው በኋላ ትልቁና ትንሹ አይደባበቁም።

ስሙኒን ማስነሣት ሌላም ጥቅም አለው። ልጁ ማካፈል ሁልጊዜ ያሳንሳል ብሎ ያምናል። 9 ÷ 0.25 ሲባል ከዘጠኝ የሚያንስ ምርጫ ይፈልጋል፤ ፈታኙም ይህን ስለሚያውቅ 2.25 ብሎ ወጥመዱን አስቀምጦለታል። ጥያቄው ግን ዘጠኝ ብር ስንት ስሙኒ ይወጣዋል ነው። ሠላሳ ስድስት። ለ0.25 ማካፈል በአራት ማባዛት፣ ለ0.5 ማካፈል እጥፍ ማድረግ፣ ለ0.125 ማካፈል በስምንት ማባዛት ነው። ይኼንን አጎቴ በሕግነት አያውቁትም፤ በዝርዝር ገንዘብነት ነው የሚያውቁት።

የመሬቱ ነገር ይብሳል። አጎቴ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። አንደኛው ማሳ 0.375 ሄክታር ይላል። ደብተሩን የተቀበሉ ዕለት መጀመሪያ ያዩት ዜሮውን ነበርና፣ መሬቴ ተወሰደ ብለው ቀበሌ ሊሟገቱ ተነሥተው ነበር። የመንዝ ሰው ለሙግት ምክንያት አያጣም ይባላል፤ ዜሮ ደግሞ በቂ ምክንያት ነው። እሳቸው የሚያውቁት ማሳው ጥማድ ተኩል መሆኑን ነው። ሄክታሩን አራት ጥማድ ብሎ ለሚቆጥር ሰው ጥማድ 0.25፣ የጥማድ ግማሽ 0.125፤ ሲደመር 0.375። መንግሥትና አጎቴ አንድ ማሳ ላይ ቆመው በሁለት ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር እንጂ አልተጣሉም።

ከዚህ ማሳ ላይ ልጁ ያጨደው ብዙ ነው። 1/8 ማለት የሩብ ግማሽ፣ 0.125። 3/8 ጥማድ ተኩሉ፣ 0.375። 5/8 ከግማሹ ላይ አንድ ስምንተኛ ሲጨመር 0.625፤ 7/8 ከሙሉው አንድ ስምንተኛ ሲነሣ 0.875። እነዚህን አራት ቁጥሮች የያዘ ልጅ 56 × 0.375 ሲባል ባለሦስት ፎቅ ማባዣ አይሠራም። የ56 ስምንተኛው 7፣ ሦስት ጊዜ 7፣ 21። አለቀ። ጓደኛው ነጥቡን የት ላስቀምጥ እያለ ሲጨነቅ እሱ የሚቀጥለውን ጥያቄ ያነባል።

መከፋፈልማ የአገሩ አመል ነው። መንዝ ራሱ፣ አባቶች እንደሚሉት፣ ለማማ፣ ለላሎና ለጌራ ተከፍሎ ነው የቆመው፤ ሲሶ፣ ሲሶ፣ ሲሶ። ዛሬ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ስለሆነ ሲሶው ሳያስበው እርቦ ሆኖ አድሯል፤ ግሼን ጨምሮ የሚቆጥር ደግሞ አምስተኛ ያደርገዋል። በርስት ጊዜ የነበረውን ክፍልፋይ ግን የሚያህል የለም። እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባትም በእናትም ሽቅብ እየቆጠረ ይወጣ ነበር። ወላጅ ሁለት፣ አያት አራት፣ ቅድመ አያት ስምንት። ሰባተኛው ቤት ሲደርስ 128 ሰው ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ከእነዚያ የአንዱ ድርሻ 1/128 ነው፤ በአስርዮሽ ሲጻፍ 0.0078125። ለዚህች ነጥብ ዜሮ ዜሮ ዳኛ ፊት ዓመት የቆመ ሰው ነበር፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ለሁለት ነጥብ ፈተና ሲል ይቺን ቁጥር እንዳያያት ስለት ይሳላል።

አሁን ወደ መቀናጆ። ልጁ 1/2 + 1/2 ሲደምር ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሮ 2/4 አለኝ። ቀይ እስክሪብቶ አንሥቼ ላሰምርበት ስል አጎቴ "ቆይ፣ ቆይ" አሉ። ነገሩ ገብቷቸዋል።

"አንተ ልጅ፣ እኔ አንድ በሬ አለኝ፤ ይኸውልህ የጥማዱ እኩሌታ ነው። ጎረቤቴም አንድ በሬ አለው። ተቀናጀን። ስንት ሆነ?"

"አንድ ጥማድ፣ አባባ።"

"ደብተርህ ላይ ምን አልክ?"

"ሁለት አራተኛ።"

"ሁለት አራተኛ ሲቃለል?"

ልጁ ሠራው። 1/2 መጣ።

"ስለዚህ ሁለት በሬ አቀናጅተን አንድ በሬ ይዘን ገባን! አንደኛውን ማን በላው?"

ከዚያ ወዲህ ልጁ ታህትን ከታህት አልደመረም። እኔ በሕግ ያላስጣልኩትን ነገር በሬው አስጣለው።

ከክፍልፋይ ሁሉ የረቀቀው ግን ቅርጫ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የፋሲካ በሬ ሲታረድ ተካፋዮቹ ሰባት ናቸው እንበል። መዳቢው በሬውን በዓይኑ መዝኖ ሰባት ቦታ አይገምሰውም። እንዲያ ቢያደርግ አንዱ ሽንጥ፣ ሌላው ሰኮና ይዞ ይሄድና በዓሉ ሽማግሌ ፊት ያልቃል። የሚያደርገው ጉበቱን ለብቻው ሰባት ቦታ፣ ጨጓራውን ለብቻው ሰባት ቦታ፣ ሽንጡን፣ ጎድኑን፣ ሻኛውን ለየብቻው ሰባት ቦታ ነው። እያንዳንዱን ቁራሽ ቅጠል ላይ በተደረደሩት መደቦች ላይ ይጥላል። ከዚያ ተካፋዮቹ ድንጋይ፣ ስንጥር፣ ቁልፍ ይሰጣሉ፤ ነገሩን ያላየ ልጅ ይጠራና ዕጣውን ይጥላል። ፍትሕ ከዚህ በላይ የት አለ? ሂሳቡም እዚያው ነው፤ ትልቁን ነገር በሙሉ ማካፈል ካቃተህ፣ ለሚመቹ ብልቶች ለያይተህ እያንዳንዱን አካፍልና ደምር።

728 ÷ 7 በዚህ መንገድ ሲታይ 700 እና 28 ነው። መቶ እና አራት፤ 104። 936 ÷ 9 ደግሞ 900 እና 36፤ ያው 104። ልጁ ይህን በአንድ ቀን ለመደው። 7.28 ÷ 7 ስለው ግን "1.4" ብሎ በደስታ ዘለለ። መዳቢ የሆነ ሰው እንዲህ አይልም። ሰባቱ ሙሉ ለሰባት ሰው አንድ አንድ ደረሰ። ቀጥሎ ያለችው ሁለት ጉበት ናት፤ ትንሽ ናት፣ ለሰባት አትበቃም፤ በቦታዋ ዜሮ ጻፍና ከሚቀጥለው ስምንት ጋር አንድ ላይ ቁረጣት። ሃያ ስምንት ለሰባት አራት አራት። 1.04። 1.4 ያለ ሰው መልሶ በሰባት ቢያባዛው 9.8 ይመጣበታል፤ ማለትም ከ7.28 በሬ 9.8 በሬ ሥጋ አወጣ። እንዲህ ያለ መዳቢ ቢገኝ መንዝ ውስጥ ጾም አይኖርም ነበር።

ሌላው የአገር ሀብት "ጉዳይ" ነው። ሰዓት ስንናገር ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት አንልም፤ ለአራት ሩብ ጉዳይ እንላለን። ማለትም ወደ ሙሉው እንሄድና የጎደለውን እንመልሳለን። ይኼንኑ ልጁ ደብተሩ ላይ ሲደርስ ይረሳዋል። 3.75 × 8? ለአራት ሩብ ጉዳይ። አራት ጊዜ ስምንት 32፣ የጎደለው ስምንት ሩብ ደግሞ 2፤ 30። 0.98 × 50? ሃምሳ፣ ከመቶ ሁለት ጉዳይ፤ 49። 19 × 12? ሃያ ጊዜ አሥራ ሁለት 240፣ አንድ አሥራ ሁለት ጉዳይ፤ 228። ይቺን የመጨረሻዋን አስታውሷት፤ ቤተ ክህነት ውስጥ ትመለሳለች።

ማቃለል የሚባለው ነገር ልጁን ከሁሉ በላይ ያስፈራዋል። 84/126ን አቃልል ሲባል ትጋአ ፍለጋ ይገባል፤ ትልቁን የጋራ አካፋይ። የ84ን አካፋዮች ከአንድ እስከ ሰማንያ አራት ይደረድራል፤ አሥራ ሁለት ናቸው። ከዚያ የ126ን ይጀምራል። እዚያ ላይ ደወል ይደወላል። ነገሩ ይህን ያህል አይደለም። ከትልቁ ትንሹን ቀንስ፦ 42። ሁለት ማሳ በአንድ ገመድ ሳይተርፍ ሳይጎድል ከተለካ፣ አንደኛው ከሌላኛው የሚበልጥበት መሬትም በዚያው ገመድ ሳይተርፍ ሳይጎድል ይለካል። የጋራ ገመዱ ከልዩነቱ አይበልጥም፤ ስለዚህ ልዩነቱን ብቻ መርምር። 84 ሁለት አርባ ሁለት ነው፣ 126 ሦስት አርባ ሁለት፤ 2/3። ሲሶ ሁለት እጅ! ይህን ሁሉ ጊዜ ሲደባበቅ የነበረው የእኩልና የሲሶ ነገር ነው።

91/119 የባሰ ፊቱን ያጠቁራል፤ 91ን የሚያካፍል ቁጥር ያለ አይመስልም። ልዩነታቸው 28። 28 አራት ጊዜ ሰባት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ጎዶሎ ስለሆኑ ሁለትና አራት አይሞክሯቸውም፤ የቀረው ሰባት ብቻ። 91 አሥራ ሦስት ጊዜ፣ 119 አሥራ ሰባት ጊዜ፤ 13/17። (51፣ 57፣ 87 እና 91 የማይካፈሉ መስለው ከሚያታልሉት ቁጥሮች ዋነኞቹ ናቸው። ሦስቱ በሦስት ይካፈላሉ፤ አኃዞቻቸውን ደምሩና እዩ። 91 ብቻ ነው በሰባት የተደበቀው።)

ይህን የመቀነስ ዘዴ ኤውክሊድ ከ2300 ዓመት በፊት ገደማ እስክንድርያ ላይ ሆኖ በሰባተኛው መጽሐፉ መግቢያ ጽፎታል። እስክንድርያ ለእኛ ለዘመናት ጳጳስ ስትልክ ኖራለች፤ ከጳጳሱ ሻንጣ ውስጥ ኤውክሊድን ማን እንዳወጣው እግዜር ይወቀው። ባሕረ ሐሳብ ግን ከሻንጣው አልወጣም። አባቶች የሚሰጡት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ነው፤ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበት ሂሳብ ሁሉ እዚያ አለ። የመንዝ መሪጌታ ያንን ሂሳብ የሚሠሩት ያለ ወረቀት ነው።

የ2018 ዓ.ም.ን ላሳያችሁ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል ስንት ይቀራል? ልጁ ረጅሙን ማካፈያ ዘረጋ። መሪጌታ ግን በጉዳይ ነው የሚሄዱት፤ 19 አራት መቶ ጊዜ 7600 ነው፣ በ82 አልፏል። አምስት አሥራ ዘጠኝ፣ ማለትም 95፣ ወደ ኋላ ቢመለሱ 7505 ላይ ያርፋሉ፤ ቀሪው 13። አንዱን ለዘመን ይተዉታል፤ ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228 (እንዳልኳችሁ ተመለሰች)፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ መጥቅዑ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ መሪጌታ ሥራቸውን ይደግማሉ። መልስን በሌላ በር ገብቶ መፈተሽ ማለት ይህ ነው፤ የእኛ ተማሪ ግን መልሱን አክብቦ ከጨረሰ በኋላ የሚፈትሸው ደወሉን ነው።

ከዚያው ከባሕረ ሐሳብ ቤት የልጁን ዓይን ያበራ አንድ ነገር ተገኘ። ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል። ዓመቱ 365 ቀን ላይ 15 ኬክሮስ ይጨምራል ይላሉ፤ ሌላ ጥቃቅን ነገርም አለ፣ እሱን እንተወው። 15/60 ሲቃለል ሩብ ነው። አራት ሩብ አንድ ቀን። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት የምትሆነው ለዚህ ነው። ልጁ 15/60ን ብዙ ጊዜ አቃልሎት ያውቃል፤ ከውስጡ ቀን ሲወጣ ግን አይቶ አያውቅም ነበር።

ሁሉም አቋራጭ ግን የተባረከ አይደለም። የልጁ ጓደኛ 16/64ን እንዲህ አቃለለው፦ ላይ ያለውን ስድስት ከታች ባለው ስድስት ሰርዞ 1/4 አለ። መልሱ ልክ ነው! በዚህ ዓይነት ስርዝ ከአንድ በታች ሆነው ልክ የሚመጡ ባለሁለት አኃዝ ክፍልፋዮች አራት ብቻ ናቸው፦ 16/64፣ 19/95፣ 26/65 እና 49/98። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ አሠራር አይጠይቅም፤ ጓደኛው ሙሉ ነጥብ ይወስዳል፣ በራሱም ይተማመናል፣ በሚቀጥለው 12/24 ላይ ሁለቱን በሁለት ሰርዞ ሩብ ይላል። መምህሩ ጋ ሄዶም "ቲቸር፣ ያን ጊዜ ልክ ነው ብለውኝ አልነበረም?" ብሎ ይሟገታል። የእሱም አያት ያለ ምክንያት መንዜ አይደሉም።

ምርጫ ካነሣን አይቀር፣ ምርጫው ራሱ አጋዥ ነው። 0.48 × 51 ይልና ከሥሩ 2.448፣ 24.48፣ 244.8 እና 0.2448 ይደረድራል። አኃዞቹ አንድ ናቸው፤ ፈታኙ የሸሸገው ነጥቡን ብቻ ነው። ማባዛት ለምን ያስፈልጋል? 0.48 ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው፤ የሃምሳ አንድ ግማሽ ሃያ አምስት ግድም። ወደዚያ የሚጠጋው አንድ ምርጫ ነው። መሐል ሜዳ ገበያ የመንዝ በግ የሚገዛ ነጋዴ ሚዛን ይዞ አይዞርም፤ ላቷን ዳብሶ፣ ወገቧን ጫን ብሎ ዋጋ ይቆርጣል። ግራም አይነግራችሁም፣ ግን የበግን ዋጋ ከፍየል ዋጋ አያደባልቅም። ደግሞም የመቶኛ ጥያቄ ሲያስጨንቅ መገልበጥ ነው፤ የ25 48 በመቶ ከተባለ የ48 25 በመቶ ብሎ ማንበብ። ሩቡ 12። ቁጥሮቹ ቦታ ስለተለዋወጡ አያኮርፉም።

የበመቶ ነገር ሲነሣ ሬዲዮ መጣ። አጎቴ ቤት ሬዲዮ ሁሌ ይነጋገራል፤ የሚሰማው ሰው ካለ አለ፣ ከሌለም አይከፋውም። ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነበር የሚያወራው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። እንዲህ በነጥብ ሲነገር ነገሩ የሰው ሳይሆን የሙቀት መለኪያ ይመስላል። ልጁን "ወደ ክፍልፋይ ለውጠው" አልኩት። አሁን ማባዣ አልዘረጋም። 3.3 ማለት ከሠላሳ አንድ ግድም ነው አለ። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ሁለት ሰው። 5.4ን ትንሽ አሰበበትና "ከአሥራ ስምንት ወይም ከአሥራ ዘጠኝ አንድ" አለ። 8.4 ላይ ቆመ። "መቶ ለአሥራ ሁለት ስምንት ነጥብ ሦስት ሦስት ነው፤ ይጠጋዋል። ከአሥራ ሁለት አንድ።" ትምህርት ቤት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የትምህርቱ ዓመት ራሱ ክፍልፋይ በሆነበት አገር ያለ ልጅ ይህን እንዲህ ሲያሰላ መስማት ደስ ይላል እንዳልል፣ አይልም።

አጎቴ ግን ጆሯቸው ቆሟል።

"ከአሥራ ሁለት አንድ? የሲሶው ሩብ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ቅርጫ ነው እንዴ? ዕጣውን የጣለው ማነው?"

"ዕጣ አይደለም፣ ፈተና ነው።"

"ታዲያ አሥራ አንዱ መደብ የት ሄደ?"

ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔ እሳቱን ቆሰቆስኩ።

"ለአንዳንዶቹ ሬሚዲያል አለ" አለ በመጨረሻ።

"ምንድን ነው እሱ ደግሞ?"

ልጁ ትንሽ አሰበና፣ "ቀሪውን አውርዶ፣ ዜሮ ጨምሮ፣ እንደገና ማካፈል ነው" አላቸው።

"ደግ!" አሉ አጎቴ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። "መሪጌታም እንጀራቸውን የሚበሉት በቀሪው ነው።"